መኪና የሚቆምበትና መኪና የሚያልፍበት፦ የአምቦ መንገድና የእኛ ካቺሲ

ወዳጆቼ፣ ይሄኛው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ በአስኮና በቡራዩ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወጣውን መኪና ያየ ሰው ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ አያስፈልገውም። ግማሹ አምቦ ሊዋኝ ነው፤ ግማሹ ወንጪ ፈረስ ሊጋልብ ነው፤ ቀሪው ደግሞ ጉደር ፏፏቴ ላይ ፎቶ ተነስቶ፣ ጥሬ ሥጋውን በአምቦ ውሃ አወራርዶ ማታ ሊመለስ ነው። እኔም የዚያው መንገድ ልጅ ነኝ። የዋናው ሳይሆን የቅርንጫፉ። ጊንጪ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፎ፣ በጎጆ በኩል ወደ ሰሜን የሚሄደውን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ ደግሞ ብዙ ናችሁ። መጨረሻው ካቺሲ ነው፤ የግንደ በረት ወረዳ ከተማ፣ ከአዲስ አበባ ወደ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ሰዎች "እናንተ ጋ ምን የሚታይ አለ?" ብለው ሲጠይቁኝ ድሮ ድሮ ፏፏቴና ገደል መቁጠር እጀምር ነበር። አሁን ግን ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። ምዕራብ ሸዋ ላይ የሚታይ ነገር የሌለበት ወረዳ የለም። ጥያቄው መሆን ያለበት "መኪና የት ይቆማል? ለምን እዚያ ቆመ?" ነው። ይሄን ለመመለስ ደግሞ ውበት ሳይሆን ታሪክ ነው መታየት ያለበት። እስቲ አብረን እንሂድ።

ከመኪና በፊት እንጀምር። በዚህ አገር መጀመሪያ "ልረፍ" ብሎ የቆመው ሰው ሳይሆን ከብት ነው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም። ኦሮሞ ማዕድን ያለውን ምንጭ ሆራ ይለዋል። ከብቱ በየጊዜው ሆራ ካልጠጣ አይፋፋም፣ ወተቱም ይጎድላል ይባላል፤ ስለዚህ እረኛው ሩቅ መንገድ ነድቶ ይወስደዋል። ሆራው ጋ ሌላ እረኛ ያገኛል፣ ወሬ ይለዋወጣል፣ ከብት ያያል፣ አንዳንዴም ሚስት ያያል። ሰው ደግሞ ያንኑ ውሃ ለቁርጥማትና ለቆዳ ሕመም ይታጠብበታል፤ ክርስቲያኑ ጠበል ይለዋል። ነጋዴውስ? በ19ኛው መቶ ዘመን ከጎጃሙ የባሶ ገበያ ተነስቶ፣ አባይን ተሻግሮ፣ ጉድሩ ውስጥ አሰንዳቦ ገበያ የሚገባው ሲራራ ነጋዴ የሚያድረው ውሃና ሣር ባለበት ነበር። ማረፊያን የሚወስነው የበቅሎው ሆድ ነው እንጂ የሰው ዓይን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነው ቤተ መንግሥት የመጣው።

በአዲስ አበባና በአምቦ መካከል አዲስ ዓለምን ሳያውቅ የሚያልፍ ሰው በጣም ያሳዝነኛል። አገሩ ኤጄሬ ነው፤ ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በ1893 ዓ.ም. ግድም ዳግማዊ ምኒልክ እዚህ አዲስ ከተማ መሥራት ጀመሩ። ምክንያቱ ጠላት አይደለም፣ ወረርሽኝም አይደለም፤ ማገዶ ነው። ያኔ የነበረው የከተማ ኑሮ እንዲህ ነበር፦ ንጉሡ ይሰፍራል፣ ሠራዊቱና ሕዝቡ ይሰፍራል፣ ዙሪያው ያለው ዛፍ ለቤትና ለምድጃ ይቆረጣል፣ ዛፉ ሲያልቅ ከተማው ይነሳል። አዲስ አበባም ገና በልጅነቷ ዛፏን በልታ ጨርሳ ነበር። ስለዚህ ደን ወዳለበት ወደ ምዕራብ መሄድ ታሰበ። ስሙን ተመልከቱት፤ አበባው አልበቃ ብሎ ዓለም ተባለ።

ግን ከተማዋ አልሄደችም። ያቆማት ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው ይሄ ዛፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማገዶ ይደርሳል፤ ቢቆርጡትም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። አዲስ አበባ ባለችበት ቀረች፤ አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ደግሞ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። ዛሬ ገብታችሁ የምታዩት ይሄን ነው፤ ዕቃ ቤቱ ውስጥም የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌ ጣይቱ መታሰቢያ ንዋያት አሉ። (ጫማችሁን አውልቁ፣ በቅዳሴ ሰዓትም አትሂዱ፤ ካህናቱ ደጎች ናቸው፣ ግን ሥራ ላይ ናቸው።)

ለእኔ ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ቤተ መንግሥቱ ቢቀርም መንገዱ አልቀረም። ከአዲስ አበባ አዲስ ዓለም የተሠራው መንገድ በአገራችን ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። ሳትመጣ ለቀረች ዋና ከተማ የተሠራ መንገድ! ያ መንገድ ባይኖር ከዚያ በኋላ ወደ አምቦ፣ ወደ ጉደር፣ ወደ ነቀምት የሄደው ሁሉ በሌላ በኩል ይሄድ ነበር ይሆናል። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት መንገድ ሲያስብ በዚሁ መስመር ነው የሄደው። በ1943 የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም የወረሰው ይሄንኑ ነው። አንድ ጊዜ መንገድ የያዘ ቦታ ሁለተኛም ሦስተኛም ያገኛል። ያልያዘው ደግሞ ይጠብቃል።

በዚሁ መስመር ሌሎችም አሉ፤ ቶሎ ቶሎ እናልፋቸዋለን። ገፈርሳ፣ የአዲስ አበባ ውሃ የሚጠራቀምበት ሐይቅ፣ ወፍ ለሚመለከት ሰው የማለዳ ደስታ ነው፤ ባለ ሰማያዊ ክንፏን የአገራችንን ዝይ ሊያዩ ፈረንጆች ባለረጅም መነጽር ተሸክመው ይመጣሉ፤ እኛ በመስኮት ሳናይ እናልፋታለን። መናገሻ፣ ስሟ ራሱ ዘውድ መጫንን የሚያስታውስ፤ ከወጨጫ ተራራ ጋር የተያያዘው የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው መቶ ዘመን በአፄ ዘርአ ያዕቆብ ትእዛዝ ዝግባና ጥድ ተተክሎበት ተጠበቀ ይባላል። ሆለታ ደግሞ የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረባት ናት፤ በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች የሚያስተምሩበት የገነት ጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው እዚያው ነው። ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ጣሊያን ሲገባ ወደ ወለጋ ተሻግረው የጥቁር አንበሳን ጦር ካቋቋሙት መካከል ነበሩ። የሄዱትም በዚሁ በእኛ አቅጣጫ ነው። ሆለታ ላይ ለእርጎና ለአይብ ብቻ የሚቆም ሰው ይሄንንም ይወቅ።

ደን፣ ቤተ መንግሥት፣ ጦር ትምህርት ቤት፤ ሁሉም ላይ አስቀድሞ የቆመ አንድ ትልቅ ሰው አለ። መኪናው የሚቆመው የእሱን ዱካ ተከትሎ ነው።

አሁን ጊንጪን እንለፋት፤ ለመጨረሻ ነው ያቆየኋት። ከጊንጪ ወደ አምቦ ስትሄዱ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚያ መንገድ ላይ፣ ማንም ምልክት ያላቆመበት አንድ ከፍታ አለ። ከዚያ ወዲህ የዘነበው ዝናብ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ከዚሁ ከደንዲ ወረዳ፣ ከጊንጪ አቅራቢያ ተነስቶ እስከ አፋር በረሃ ይሄድና ባሕር ሳያይ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ የዘነበው ደግሞ በሁሉቃ በኩል ጉደር፣ በጉደር በኩል አባይ ይገባል፤ ሱዳንንና ግብፅን አልፎ ሜድትራንያን ይደርሳል። አንድ ደመና፣ ሁለት ዕጣ። ሌላ አገር ቢሆን እዚህ ጋ የድንጋይ ሐውልትና ሻይ ቤት ይኖር ነበር። እኛ ጋ ሾፌሩ ማርሽ ቀይሮ ያልፋል።

አምቦ።

ስለ አምቦ የሚጻፍ አያልቅም። ሁለት ልጆቿን ብቻ ላንሳ፦ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. ከአምቦ አቅራቢያ ቦዳ ላይ ተወለደ፤ ሃጫሉ ሁንዴሳም እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አድጎ፣ በሰኔ 2012 ተገድሎ እዚያው ተቀበረ። ዛሬ የማወራው ግን ስለ ውሃዋ ነው። በንጉሡ ዘመን ለከተማዋ የተሰጣት ስም ሀገረ ሕይወት ነበር፤ ከፍል ውሃዋና ከጠበሏ ጋር የሚሄድ ስም ነው። ሰዉ ግን አምቦ ማለቱን አልተወም። መኳንንቱ ሊታጠቡ ይመጡ ነበር፤ ቀጥሎ ሆቴልና መዋኛ መጣ። ውሃው ደግሞ ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ በጠርሙስ መታሸግ ያዘ። ቤልጂየም ውስጥ ስፓ የምትባል ከተማ አለች፤ ከምንጯ የተነሳ ስሟ በዓለም ሁሉ የፍል ውሃ መታጠቢያ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። አምቦም እንዲሁ ሆናለች። ዛሬ ጅግጅጋም ሆነ ዋሽንግተን ላይ ያለ ሐበሻ ሬስቶራንት ገብታችሁ "አንድ አምቦ" ስትሉ ከተማ አይደለም የምትጠይቁት፣ ጋዝ ያለው ውሃ ነው። ፋብሪካውን ደርግ ወረሰው፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ኩባንያ በሽርክና ገባበት። ለከብት ሆራ፣ ለምዕመን ጠበል፣ ለመኳንንት መታጠቢያ፣ ለከተሜ መዋኛ፣ ለነጋዴ ጠርሙስ። ምንጩ ያው ነው፤ የተለዋወጠው የሚቆምበት ሰው ነው።

እና እዚህ ጋ የእኛን ነገር ላስገባ። ከካቺሲ ወደ አምቦ የሚሄድ ሰው አምቦን እንደ መዝናኛ አያውቃትም። አምቦ የዞናችን ከተማ ናት። ሰው የሚሄደው ለይግባኝ ነው፣ ለሆስፒታል ነው፣ ለፈተና ነው፣ ማኅተም ለማስመታት ነው። አባቴ በሕይወቱ ከሃያ ጊዜ በላይ አምቦ ሄዷል፤ አንድም ቀን መዋኛውን አላየም። "መዋኛ አለ እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔ አምቦ መማር ከጀመርኩ በኋላ። እኛ የካቺሲ ልጆች የምንዋኘው ሁሉቃ ወንዝ ላይ ነበር፤ ሳሙናም ይዘን ስለምንሄድ ልብሳችንም እዚያው ይታጠባል። ቅዳሜ ከሰዓት ከአዲስ አበባ የመጡት መኪኖች ተደርድረው ስናይ ከእኛ ጋር አንድ ከተማ ውስጥ ያሉ አይመስለንም ነበር። እነሱ ለመርሳት መጥተዋል፤ የእኛ ሰው ደግሞ ፋይሉ እንዳይረሳበት ነው የመጣው። ማማረሬ አይደለም። አንድ ቦታ ለአንዱ ማረፊያ፣ ለሌላው ወረፋ መጠበቂያ ሊሆን እንደሚችል ለማሳየት ነው።

ጉደር ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ፏፏቴው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው። የወይን ጠጁን ስም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ክረምት ላይ ውሃው ቀይ ሆኖ ሲወርድ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ መስከረም ማለቂያ ላይ ነው የሚያምረው ባይ ነኝ። ፎቶ የምትነሱበት ያ ውሃ ከዚያ ወደ ሰሜን ይዞርና ቆላውን እየቆረጠ፣ በእኛ በግንደ በረት ምዕራብ በኩል አድርጎ አባይ ይገባል። እናንተ ጭንቅላቱን ታያላችሁ፤ እግሩ እኛ ጋ ነው።

ወንጪ ግን ቆም ብለን ማየት ያለብን ጉዳይ ነው።

ወንጪ ከአምቦ ወደ ደቡብ፣ በአምቦና በወሊሶ መካከል ናት። 3,386 ሜትር ከፍታ ያለው የሞተ እሳተ ገሞራ፣ አፉ ውስጥ ሐይቅ፣ ሐይቁ ውስጥ ደሴት፣ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም፣ ዙሪያው እንሰት። ጎረቤቷ የደንዲ ሐይቅም በዓይነቱ ልዩ ነው፤ ሁለት ሐይቅ ተያይዞ ከላይ ሲያዩት የስምንት ቁጥር ይመስላል። ለረጅም ዘመን እዚያ የሚወርደው መነኩሴና ገበሬ ብቻ ነበር። ከ1994 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ የአካባቢው ገበሬዎች በጀርመን የልማት ድርጅት እገዛ ማኅበር አቋቋሙ። ፈረስ ያለው ፈረሱን በተራ ያከራያል፤ ጀልባ ቀዛፊው በተራ ይቀዝፋል፤ አስጎብኚው የሰፈሩ ልጅ ነው። "የእኔን ፈረስ ያዝ፣ የእኔን" እየተባለ እንግዳ የሚጎተትበት ነገር በተራ ሲተካ ቀላል ለውጥ አይደለም፤ ገበያ ዳር ያደገ ሰው ይገባዋል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በዓለም ላይ ከመረጣቸው ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ወንጪ ሆነች። ልብ በሉ፣ የተመረጠው ሆቴል አይደለም፣ መንደር ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2012 መጨረሻ፣ ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ውስጥ ገብታ ነበር። መንገድ ተሠራ፤ ትልቅ ሎጅም ተሠራ። ቆንጆ ነው፤ አይቼዋለሁ። አዲሱ መንገድም ለገበሬው ይጠቅመዋል፤ ነፍሰ ጡር በቃሬዛ ከመሸከም መንገድ ይሻላል፣ በዚህ ላይ አልከራከርም። ግን ሎጁን አይቼ ስመለስ በጭንቅላቴ የሚዞረው የፈረሱ ተራ ነው። መኪናው በር ድረስ ሲገባ ፈረሱ ምን ሥራ ይኖረዋል? እንግዳው እራት ሎጁ ውስጥ ከበላ የመንደሩ ሴት ቆጮዋን ለማን ትሸጣለች? የሎጁን ጥያቄ ስናነሳ "ይሠራ ወይስ አይሠራ" ብቻ ስለሚባል ይሄ ይረሳል። እኔ ይሠራ ከሚሉት ነኝ። ተራው ግን እንዳይፈርስ።

አሁን ወደ ጊንጪ እንመለስ፤ ቃል እንደገባሁት።

ጊንጪ ለአብዛኛው ተጓዥ ነዳጅ መቅጃና ሻይ መጠጫ ናት። ከጎኗ ግን ጭልሞ አለ፤ ከደጋው የተፈጥሮ ደን ከተረፉት አንዱ፣ ጥድና ዝግባና ወይራው ያልጠፋበት። በአገራችን ገበሬው ራሱ በማኅበር ሆኖ ደኑን እንዲጠብቅና እንዲጠቀም ከተሞከረባቸው የመጀመሪያ ቦታዎችም አንዱ ነው። በኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ የተነሳውን ተቃውሞ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ በጥቂት ሳምንታት ኦሮሚያን አዳርሶ፣ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ የአገሪቱን መንግሥት ለውጧል። ከዚያ በፊት በሚያዝያ 2006 አምቦ ላይ የወጣቶች ደም ፈስሷል። ይሄን ሁሉ አሳጥሮ መናገር ይከብዳል፤ ብዙዎቻችን በስም የምናውቃቸው አሉበት። ግን ጊንጪ ላይ መጀመሪያ ያስነሳው ነገር ምን ነበር ተባለ? ደኑና የኳስ ሜዳው ለኢንቨስትመንት ሊሰጥ ነው መባሉ። የኳስ ሜዳ! ትልቁ የፖለቲካ ጥያቄ ከኋላው ነበረ፣ እሱን አልክድም፤ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ነበረ፣ የመሬት ነገር ነበረ። ክብሪቱ ግን የሰፈር ልጅ የሚጫወትበት ሜዳና ሰዉ ጥላ የሚያገኝበት ደን ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ስለ መዝናኛ የሚያወራ ሁሉ ይሄን ቢያስታውስ ጥሩ ነው። ለጎብኚ ማረፊያ ለመሥራት የሚታየው "ባዶ ቦታ" ብዙ ጊዜ ባዶ አይደለም። የሆነ ሰው ቀድሞ እያረፈበት ነው።

እንግዲህ ጊንጪ ላይ ወደ ቀኝ እንታጠፍ።

መንገዱ ወዲያው መውጣት ይጀምራል። ጄልዱ ደጋ ነው፤ ገብስ፣ ባሕር ዛፍ፣ ድንች። ከሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ጋር በዘር ድንች የሚሠሩ ገበሬዎች እዚህ አሉ፤ አዲስ አበባ የምትበሉት ድንች አያቱ ጄልዱ ሊሆን ይችላል። ብርዱ በጥር አጥንት ይገባል። ጎጆ ላይ ቅጥቅጡ ይቆማል፤ የሚቆመው ግን ጭነት ለማውረድ ነው። አንድ ጊዜ ረዳቱ አጠገቤ ለተቀመጡ አሮጊት "እማማ፣ ይውረዱ እንጂ፣ እግርዎን ያፍታቱ" አላቸው። "የት ልውረድ ልጄ? ምን አለና?" አሉት። ረዳቱ መልስ አጣ። እውነታቸውን ነው፤ መቀመጫ የለም፣ ሴት የምትገባበት ሽንት ቤት የለም። ሰው ቆሞ ትኩስ ድንች ከሚጥሚጣ ጋር ይበላና ይወጣል። (ድንቹ ግን... እሱን ለብቻው እጽፍላችኋለሁ።)

ከጎጆ ወዲያ አገሩ ቀስ እያለ ይወርዳል። እዚህ ጋ ነው ካርታ ማየት ያለባችሁ። የድሮው ግንደ በረት፣ አቡና ግንደ በረት ለብቻው ወረዳ ከመሆኑ በፊት፣ በሦስት ወንዝ የታጠረ ነው፦ በምሥራቅ ሙገር፣ በምዕራብ ጉደር፣ በሰሜን አባይ። ሦስቱም ገደል ናቸው። ደጋው በመካከል እንደ ምላስ ወደ ሰሜን ተዘርግቷል፤ ካቺሲ ያለችው እዚያ ላይ ነው። ከከተማዋ ወደ ሰሜን እየራቃችሁ ስትሄዱ ሜዳው በድንገት ይቋረጣል። ከእግራችሁ ሥር ቆላው፣ ማሽላና ሰሊጡ፤ ከዚያ ወዲያ አባይ ራሱ የማይታይበት የአባይ ሸለቆ፤ ከዚያ ማዶ ሰማዩ ጥርት ካለ የጎጃም አፋፍ። በሙገር በኩል ደግሞ የጭላዳ መንጋ ገደሉ ላይ ሣር እየነቀለ ታያላችሁ። ጥቅምት ላይ ነው፣ አደይ አበባው ሳይጠፋ፣ አየሩ ታጥቦ ሳለ። ሰሜን ተራሮች ድረስ ሄደው የሚያዩትን ነገር፣ መጠኑ ይነስ እንጂ፣ ከአዲስ አበባ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ነው ያለን።

ታዲያ ለምን ማንም አይቆምም? መልሱ ቀላል ነው፤ የሚያልፍ የለም። የመንገድ ማረፊያ የሚኖረው በአላፊ አግዳሚ ነው። አምቦ ላይ የሚቆመው መኪና ግማሹ ነቀምት፣ ጊምቢ፣ አሶሳ የሚሄድ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ካቺሲ የሚመጣ መኪና ግን ካቺሲ የሚመጣ ብቻ ነበር፤ መንገዱ እዚያው ያልቃል።

ነገሩን ገልብጬ እንዳየው ያደረገችኝ አያቴ ናት። እሷ ካቺሲን የመንገድ መጨረሻ አድርጋ አታውቅም። በእሷ ልጅነት በበጋ ውሃው ሲጎድል ሰው በመልካው አባይን ተሻግሮ ጎጃም ይሄዳል፤ ከዚያም ይመጣል። ጨው፣ ጥጥ፣ ማር፣ ከብት፣ ጋብቻም ጭምር። እኛ ቤት ግድግዳው ሥር የሚያድር ጎጃሜ አይጠፋም ነበር ትላለች፤ ቤቱ ማረፊያ ነበር። ገደሉን በእግር ለመውረድ ቀን ሙሉ፣ ለመውጣት ደግሞ ከዚያ የባሰ፤ ግን ይኬዳል። ከዚያ መኪና መጣ። መኪና መልካ አያውቅም፤ ድልድይ ይፈልጋል። ድልድዩ በሌላ በኩል፣ በጎሐ ጽዮንና በደጀን በኩል ተሠራ፤ የጎጃም ንግድ ሁሉ ወደዚያ ዞረ። እኛ ሳንነቃነቅ፣ አገራችን መሻገሪያ መሆኑ ቀርቶ መጨረሻ ሆነ። ዘመናዊ መንገድ አንዱን ከተማ የሚከፍተውን ያህል ሌላውን ይዘጋል፤ ይሄን የመንገድ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙም አያነሱትም።

ሰሞኑን የካቺሲ ወጣቶች ስለ ቱሪዝም ያወራሉ፤ ደስ ይላል። "እኛ ጋስ ሎጅ የሚሠራው መቼ ነው?" የሚል ጥያቄ በየቀኑ አያለሁ። ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ምክንያት መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት የቆየበት አገር ልጆች ስለ ጎብኚ ማውራታቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የእኔ ሐሳብ ግን በሌላ በኩል ነው። ሎጁ ከመምጣቱ በፊት ማኅበሩ ይምጣ። የወንጪ ገበሬዎች ተራውን የጀመሩት ሀብታም ከመምጣቱ ከሃያ ዓመት በፊት ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ጥያቄ ሲነሳ በስማቸው የሚናገር አላቸው። እኛ ጋ አፋፉ ዛሬ የከብት መሰማሪያ ነው። ማነው የሚሰማራበት? ቀበሌው ላይ በማን ስም ተመዝግቧል? በጋራ ይዞታነት ካልተመዘገበ ነገ በካርታ ላይ "ባዶ ቦታ" ተብሎ ይወጣል፤ ከዚያ ምን እንደሚከተል ከጊንጪ በላይ አስተማሪ የለንም።

ከሎጅ በፊት ሁለት ነገር ይበቃናል፦ ጎጆ ላይ በር ያለው ሽንት ቤትና መቀመጫ ያለው ሻይ ቤት። ይሄ የሚሊዮን ብር ፕሮጀክት አይደለም። አራት አምስት ሴቶች በማኅበር ሊይዙት ይችላሉ፤ ድንቹን እንደሆነ እነሱው ናቸው የሚቀቅሉት። አሮጊቷም ትወርዳለች።

መምጣት ለምትፈልጉ፦ መጀመሪያ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ፤ በዚህ ቀልድ የለም። ከአዲስ አበባ በማለዳ ውጡ። ለጄልዱ ወፍራም ጃኬት፣ ለቆላው ቀለል ያለ ልብስና ውሃ ያዙ። አፋፉ ጋ ስትደርሱ እረኞቹን ሰላም በሉ፤ ቦታው የእነሱ ነው፣ ገደሉንም የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሾፌሩ ሊያልፈው ሲል ደግሞ ጮክ ብላችሁ "ወራጅ አለ!" በሉት።